የደረጃ ላይ ምክር

1.

ጌጡ ሞርከታ በቀኝ ጆሮው አይሰማም። በግራው ትንሽ ቀርቶታል። ሆስፒታል የገባው እግሩ ተሰብሮ ነው።

ከአሥር ቀን ማለፍ ያልነበረበትን መርፌ ሃያ ስድስት ቀን ተወጋ። ማንም ክፉ አላሰበበትም። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው፤ ክፉ ያሰበ ሰው ቢኖር እሱን ይዤ እገላገል ነበር።

2.

ስሜ ቤዛዊት ነው። ሐኪም ነኝ፤ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሆኜ አሁን በተላላፊ በሽታዎች ላይ የመጨረሻ ዓመቴን እየተማርኩ ነው። ሥራችን ይህ ነው፦ ሌሎች ክፍሎች አስተኝተው የሚያክሙት ሰው ትኩሳቱ አልወርድ፣ ቁስሉ አልደርቅ ሲላቸው ይጠሩናል። ሄደን በሽተኛውን እናያለን። የትኛው መድኃኒት፣ በምን መጠን፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ እንጽፋለን።

«ለስንት ቀን» የሚለውን አስምሩበት። እኔ አላሰመርኩበትም።

በቁጥር የምጽፈው ስለሚያምር አይደለም። ሪፖርት ጻፊ ተብዬ በተያያዘ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ዓረፍተ ነገሮቹ ከእጄ አምልጠው ሰበብ መደርደር ጀመሩ፤ «በተፈጠረው የመረጃ ክፍተት»፣ «ከሥራ ጫና ጋር በተያያዘ»። ከቁጥር ሥር ግን ብዙ መደበቂያ የለም።

3.

ስም፦ ጌጡ ሞርከታ
ዕድሜ፦ 38
አድራሻ፦ ሞጆ
ሥራ፦ የከባድ መኪና መካኒክ
የገባበት ምክንያት፦ ክሪክ ተንሸራቶ ካምቢዮ ወደቀበት። የቀኝ እግሩ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ተቃንቶ ከውጭ ብረት ተተከለለት። ቁስሉ መገለ።
ክፍል፦ አጥንት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አልጋ 14
አስታማሚ፦ ሚስቱ፣ ዘርፌ
በአካል ያየው የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም፦

4.

ይህን የነገረችኝ ዘርፌ ናት፤ ነርሷ ሲስተር ሙሉእመቤትም አረጋግጣልኛለች።

በገባ በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ተነሣ። ጄኔሬተሩ ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ ለእኛ ለሌሎቻችን አንድ ወጥ ጩኸት ነው። ጌጡ ግን እግሩ ላይ ብረት ተተክሎ፣ ተንጋሎ፣ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ ጥቂት አዳመጠና አንዱ ኖዝል ነዳጁን በደንብ አይረጭም፣ ካልነካችሁት በወር ውስጥ ያቆማችኋል አለ። ክፍሉ ሳቀበት። የአልጋ 13 አስታማሚ፣ አጥንቱን ሊያስጠግን መጥቶ የመንግሥት ሞተር ያክማል እንዴ ብሎ ቀለደ። ከሰዓት በኋላ የጥገና ሠራተኛው ወሬውን ሰምቶ መጣና ጠየቀው። ሄዶ ፈታው። እንደተባለው ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በሙሉ «ኢንጂነር» ይለው ጀመር።

የምናወራው ስለዚህ ጆሮ ነው።

5.

ከዚህ በኋላ ቀኑን በመርፌ እቆጥራለሁ። መርፌው በቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ እሱ ይታመናል።

3ኛ መርፌ።

ሊፍቱ ተበላሽቷል። እኔ ፈተና ረፍዶብኝ ደረጃውን እየወረድኩ ነው። ዶ/ር ኪሩቤል እየወጣ ነው። የአጥንት ክፍል ሬዚደንት ነው፤ ሕክምና ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ነው የገባነው።

— ቤዚ፣ አንዴ። እግሩ የመገለ ሰው አለኝ። ካልቸሩ ላይ ካሉን መድኃኒቶች አሚካሲን ብቻ ነው የሚሠራው። ጀምረንለታል። ምን ትያለሽ?

ካልቸር ማለት ከመግሉ ተወስዶ፣ ጀርሙ ላብራቶሪ ውስጥ እንዲበቅል ተደርጎ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚታይበት ምርመራ ነው። አሚካሲን ጠንካራ መርፌ ነው። ጀርም ይገድላል። ሲሰነብት ኩላሊትና ጆሮም ይገድላል። ተማሪዎች ሳለን ይሄ ጥያቄ ፈተና ላይ መጥቶብናል፤ ሁለታችንም በትክክል መልሰናል።

አልቆምኩም። ሁለት ደረጃ ካለፍኩት በኋላ፣ አንገቴን ብቻ አዙሬ፦

ቀጥል።

6.

የደረጃ ላይ ምክር አሰጣጥ

ሀ) አትቁሚ። የቆመ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ ይከተለዋል።

ለ) ስሙን አትጠይቂ። ስሙን ካወቅሽ ሰው ይሆንብሻል።

ሐ) ኩላሊቱ እንዴት ነው፣ ስንት ኪሎ ነው፣ ብረቱ አለ ወይስ ወጥቷል ብለሽ አትጠይቂ። ይሄ ሁሉ መልስ አለው፤ መልሱን ከሰማሽ ልታዪው መሄድሽ ነው።

መ) «መጥቼ ልየው» አትበዪ። እንደዚያ የምትል ሐኪም ሥራ የፈታች ትመስላለች።

ሠ) እርሺው።

ሁሉም እንዲህ ይመክራል። መምህሮቼ እንዲህ ሲመክሩ አይቻለሁ። ጥሩ ባልደረባ የሚባለውም ደረጃ ላይ የሚመልስ ነው፤ «ወረቀት ላክና መጥቼ አየዋለሁ» የሚለው አስቸጋሪ ይባላል። አስቸጋሪ መባል አልፈለግኩም ነበር።

7.

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኪሩቤል ካርዱ ላይ እንዲህ ጻፈ፦

«የተላላፊ በሽታዎች ክፍል ተማክሯል። አሚካሲን ቀጥሉ ብሏል።»*

አልዋሸም። ጠይቆኛል፤ ቀጥል ብያለሁ። ነገር ግን ደረጃው ላይ የረፈደባት አንዲት ሴት ነበርኩ፤ ካርዱ ላይ ስደርስ ክፍል ሆንኩ። ክፍል ፈተና አይረፍድበትም። ክፍል በሽተኛ ሳያይ አይናገርም። ያነበበው ሁሉ ያመነው ለዚህ ነው። እኔም ባነበው አምን ነበር።

* ካርዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ዘርፌ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ አማርኛ ከእኔ ፈጥና ታነባለች። ስለ ባሏ ከተጻፈው ግን አንዲት መስመር አይገባትም። ይሄ ለማንኛችንም ነውር መስሎን አያውቅም።

8.

በእኛ ሆስፒታል ወረቀት ብቻውን አይሄድም። አስታማሚ ነው የሚሸከመው። ደሙ ወደ ላብራቶሪ፣ ፊልሙ ወደ ራጅ፣ የምክክር ወረቀቱ ወደ ስፔሻሊስት የሚደርሰው በአስታማሚ እግር ነው። አስታማሚ የሌለው ሰው ካለበት አልጋ ንቅንቅ የሚል ነገር የለውም።

4ኛ መርፌ። የኪሩቤል አለቃ የቃል ምክር አይበቃም፣ በጽሑፍም ይጠየቁ አሉ። ልክ ነበሩ። ኪሩቤልም ቅጹን ሞላና «በቃል ተማክሯል፤ ቀጥሉ ተብሏል» የሚለውንም ሳይደብቅ ጨመረበት። ዘርፌ ይዛው አራተኛ ፎቅ ወጣች። የክፍላችን ጸሐፊ ወ/ሮ እቴነሽ አነበቡት።

— የኔ እናት፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ተመክሮበታል። ይኸው፣ ቀጥሉ ተብሏል።

ወ/ሮ እቴነሽ ሰነፍ አይደሉም። መመሪያ አለ፦ አንዴ ለተመከረበት በሽተኛ፣ አዲስ ችግር ካልተጻፈ በቀር፣ ሁለተኛ ወረቀት አይቀበሉም። መመሪያውን ያወጣነው ወረቀት ስለበዛብን ነው። ስብሰባው ላይ ነበርኩ። እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ።

9ኛ መርፌ። ትኩሳቱ አልወረደም። ኪሩቤል እስቲ እንደገና ሞክሪ ብሎ ያንኑ ወረቀት ሰጣት። ወጣች። ያንኑ መልስ ይዛ ወረደች።

15ኛ መርፌ። ማንም ሳይልካት በራሷ ወጣች። ጌጡ ጆሮውን ጭው ይለው ከጀመረ ሦስት ቀኑ ነው፤ ሲቀመጥም ይዞረዋል። ይህን ለወ/ሮ እቴነሽ በቃል ነገረቻቸው። እሳቸውም በደግነት፣ እንግዲያው አዲስ ችግር ነው፣ እዚህ ላይ አስጽፊና አምጪው አሏት። ወረደች። ኪሩቤል ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል። ስድስት ሰዓት ጠበቀችው። ሲወጣ የደከመው ሰው ነበር፤ ደም ማነስ ይሆናል፣ ብዙ ደም ፈሶታል አለና የደም እንክብል አዘዘለት።

ወረቀቱ ላይ ምንም አልተጻፈም። በቃል የተባለውን የእኔን አንዲት ቃል ለመጻፍ ሰዓት ነበረው። በቃል የተባለውን የእሷን ለመጻፍ አልነበረውም።

9.

ቅጹ ላይ በአማርኛ የታተመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ራስጌው ላይ፣ በትልልቁ፦

የተላላፊ በሽታዎች ክፍል

ዘርፌ ማንበብ የቻለችው ይህን ብቻ ነው። አስቡት፤ ባልሽ እግሩን ተሰብሮ ገብቶ ይሄን ተሸከሚ ስትባዪ። ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ውስጥ ትይዘው ነበር። የአልጋ 13 አስታማሚ አንድ ቀን አየው። እሱ ያየውን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በሙሉ አወቀው።

አልጋ 13 ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ቡና እንኳ የሚያቀብለው ጠፋ። «ኢንጂነር» የሚለው ጠፋ።

የአጥንት መግል በጨዋታ አይጋባም። ይህን ለክፍሉ ለመንገር የሚፈጀው ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው፤ የሚነግራቸውም ሰው እኔ ነበርኩ።

ሰው ስላላናገረው ደግሞ አለመመለሱን ማንም አላስተዋለም። ዘርፌ እንኳ ዝም ሲላት ከሰው ያገለልኩት እኔ ነኝ፣ በወረቀቱ ተቀይሞኛል ብላ አሰበች።

10.

20ኛ መርፌ፣ የጠዋት ጉብኝት። ሲስተር ሙሉእመቤት እንደነገረችኝ፣ ኪሩቤልም አልካደም።

ሲስተር፦ ዶክተር፣ ይሄ መርፌ እስከ መቼ ነው?
ኪሩቤል፦ አይዲ ቀጥሉ ብሏል።
ሲስተር፦ ብሏል። እስከ መቼ ብሏል?
ኪሩቤል፦ እነሱ ይነግሩናል።
ሲስተር፦ እነሱ መቼ መጥተው ያውቃሉ?
ኪሩቤል፦ ሲስተር፣ አይዲ ያዘዘውን እኔ ላቋርጠው?
ሲስተር፦ እኔማ ላቋርጠው አልችልም።
ኪሩቤል፦ ታዲያስ።

«አይዲ» የሚሉት የእኛን ክፍል ነው። ማለትም እኔን።

21ኛ መርፌ። ተሰጠ።
22ኛ መርፌ። ተሰጠ።
23ኛ መርፌ። ተሰጠ።

11.

በእነዚህ ቀናት እኔ የት ነበርኩ?

አንድ ፎቅ ከላይ። ከጌጡ አልጋ እስከ እኔ ጠረጴዛ ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ በኋላ ቆጥሬዋለሁ። በ17ኛው መርፌ ቀን አዳራሽ ውስጥ መድኃኒትን በአግባቡ ስለመጠቀም ገለጻ አቅርቤ ነበር። ስድስተኛው ስላይድ «መድኃኒት ስንጀምር የምናቆምበትን ቀን አብረን እንጻፍ» ይላል። ኪሩቤል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ተጨበጨበልኝ።

12.

26ኛ መርፌ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋና ጄኔሬተሩ ተነሣ። ዘርፌ እግሩን እየጠረገችለት ነበር። ከገቡ ጀምሮ ጄኔሬተሩ በተነሣ ቁጥር አንገቱን ሰበር አድርጎ ያዳምጥና አንድ ነገር ይል ነበር፤ ይስተካከላል፣ አይስተካከልም፣ ዘይቱን ማን ነው የሚቀይርለት።

አንገቱ አልተነቃነቀም።

ከኋላው ሆና ጠራችው። እንደገና ጠራችው። ከዚያ ጆሮው ሥር ሳህን ጣለች።

ይህን ስትነግረኝ አታለቅስም ነበር። የምትነግረኝም የሐኪሞች ክፍላችን በር ላይ ቆማ ነው፤ በወ/ሮ እቴነሽ በኩል አላለፈችም። አምስት ሐኪም ተቀምጠናል። ከመካከላችን «አይዲ» የቱ ነው ብላ ጠየቀች።

13.

ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

አናገርኩት፤ አፍ አፌን ያያል። በግራ ጆሮው ጠጋ ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ያዘው።

— የቀኙ ሞቷል ዶክተር፣ አለ። — ግራው በአንድ ሲሊንደር እየጎተተ ነው።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። ጭው ማለቱ በአሥራ ሁለተኛው መርፌ ግድም መጀመሩን፣ ከዚያ ድምፆች አንድ በአንድ እየወጡ መሄዳቸውን ነገረኝ። መጀመሪያ የሄደው የማንኪያ ድምፅ ነው። ከዚያ የሴት ድምፅ። ሚስቱ ማናገር የተወችው መስሎት ነበር።

— ለምን አልተናገሩም?
— ተናግሬያለሁ። እንክብል ሰጡኝ።

ከዚያ የሚመለስ እንደሆነ ጠየቀኝ። የማይመለስ መሆኑን ነገርኩት። አልሰማኝም። ጆሮው ሥር ሆኜ፣ ጮክ ብዬ፣ አሥራ አራት በሽተኛ እየሰማ፣ ሁለተኛ ነገርኩት።

14.

አልጋው አጠገብ የቆየሁት ሃያ ደቂቃ ነው። በሃያ ደቂቃ ያወቅኩት፦ መርፌው አሁኑኑ መቆም እንዳለበት። ቁስሉ ውስጥ የሞተ አጥንት መኖሩን፤ እሱ ተጠርጎ ካልወጣ የዓለም መድኃኒት ቢወጋ እንደማይድን። ሌላ የሚሆን መድኃኒት መኖሩን፤ በእኛ መድኃኒት ቤት ባይኖርም ከሌላ ሆስፒታል በትውስት እንደሚመጣ።

በማግስቱ ቀዶ ጥገና ክፍል ገባና አጥንቱ ተጠረገ። ሌላው መድኃኒት መጣ። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ።

ይህ ሁሉ በሦስተኛው መርፌ ቀንም ይቻል ነበር። ቆም ብዬ «መጥቼ ልየው» ብል ኖሮ። ፈተናው ደግሞ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ ነው የተጀመረው።

15.

አሁን የቀረው ግራ ጆሮው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ግራ ጆሮው ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ።

የአጥንት ቁስል ድኗል ከተባለ በኋላም ያገረሻል። ሲያገረሽ ጌጡ ሞጆ ነው፤ ቅርቡ የሚያገኘው ጤና ጣቢያ ይሄዳል። እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ጄንታሚሲን የሚባል መርፌ አለ። የአሚካሲን ወንድም ነው። ርካሽ ነው፣ ሁልጊዜ ይገኛል፣ መግል ለሚያመነጭ ቁስል እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። የጤና መኮንኑ ጌጡን የሚያየው በወረቀቱ ነው፤ ሆስፒታሉ ሲያሰናብተው በሚሰጠው አንድ ገጽ ማጠቃለያ። ወረቀቱ ምን ጆሮውን እንዳደነቆረው ካልተናገረ ይወጋዋል። እኔም ብሆን እወጋዋለሁ።

ጥቂት መርፌ ይበቃል።

16.

በስንብቱ ዋዜማ ማጠቃለያው ተረቅቆ መጣ። የአጥንቱ ጉዳይ በትክክል ተጽፏል። ከሥር፦

«የመስማት መቀነስ፦ ከረጅም ጊዜ የሥራ ቦታ ድምፅ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል (በሽተኛው መካኒክ ነው)።»

ቅንፏን እዩልኝ።

ኪሩቤልን የሬዚደንቶች መኝታ ክፍል ድረስ ሄጄ አገኘሁት። ዓይኔን ማየት አልቻለም። ዓረፍተ ነገሩ የእሱ እንዳልሆነ፣ በሁለቱ ክፍሎች ኃላፊዎች መካከል በስልክ የተስማሙበት እንደሆነ፣ «ሊሆን ይችላል» ስለሚል ውሸት እንዳልሆነ ነገረኝ። ግድግዳ አሻግሮ የኖዝል ሕመም የሰማውን ሰውዬ በሥራው ነው የደነቆረው ልትል ነው አልኩት።

— ቤዚ፣ አለ። — ካርዱ ላይ የኔ ፊርማ አለ። የቀጠልኩት ግን ባንቺ ቃል ነው። ሁለታችንንም ነው የሚያድነው።
— እሱንስ?

ጫማውን ማሰር ጀመረ። ጫማው ታስሮ ነበር።

17.

ስለዚህ የራሴን ጻፍኩ። በክፍላችን የምክክር መልስ ወረቀት ላይ፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ በአማርኛ።

«አቶ ጌጡ ሞርከታ በቀኝ ጆሮአቸው መስማት ያቆሙት፣ በግራውም የተጎዱት፣ አሚካሲን የተባለ መርፌ ለሃያ ስድስት ቀን ስለተሰጣቸው ነው። መርፌው በዚህ ሆስፒታል ነው የተሰጠው። እንዲቀጥል በቃል የመከርኩት እኔ ነኝ፤ በዚያን ጊዜ በሽተኛውን አላየሁም፣ የሚቆምበትንም ቀን አልተናገርኩም። ለእኚህ ሰው አሚካሲን፣ ጄንታሚሲን፣ ስትሬፕቶማይሲንም ሆነ የዚህ ዘር የሆነ መርፌ አይሰጣቸው። ከተሰጣቸው የቀራቸውን መስማት ያጣሉ።»

ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።

የቀረው ማኅተም ነው። ማኅተም የሌለው ወረቀት በአገራችን ወረቀት አይደለም፤ ዘርፌም ታውቃለች፤ አንብባ እንደጨረሰች መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማኅተሙ የት ነው ብላ ነው። ይቅር ብላኝ እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኳትም፤ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አይደለም።

18.

ማኅተሙ የክፍላችን ኃላፊ ዶ/ር ተስፋልደት ጠረጴዛ ላይ ነው። ቢሯቸው ምድር ቤት፣ ከመውጫው በር አጠገብ ነው። በስንብቱ ቀን ጠዋት ገባሁ።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። መልካም ሰው ናቸው፤ ብዙ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውም በወጣትነታቸው ስንት ጊዜ ደረጃ ላይ እንደመከሩ፣ ዕድለኛ ስለነበሩ ብቻ እንዳልተያዙ ነገሩኝ። ከዚያ ሐሳብ አቀረቡ። የአማርኛው ይውጣ። ምክንያቱ ይውጣ። «እነዚህ መድኃኒቶች ባይሰጡ ይመረጣል» የምትለዋ በእንግሊዝኛ ብቻ ትቆይ። እሷ ላይ አሁኑኑ ማኅተም እመታለሁ አሉ።

አየር ላይ የተንጠለጠለ «ይመረጣል»፣ ሌላ መድኃኒት በሌለበት ጤና ጣቢያ ማንንም እንደማያግድ ነገርኳቸው።

— በአማርኛ የሕክምና ወረቀት ማን ይጽፋል?
— ሚስትየዋ እንድታነበው ነው። መርፌ ይዘው ሲመጡ የምትከለክለው እሷ ናት።
— ጠበቃ ዘንድም የምትወስደው እሷ ናት። መጀመሪያ የሚጠራው ያንቺ ስም ነው፣ ቤዛዊት። ምረቃሽ ሦስት ወር ቀርቶታል።
— አውቃለሁ።
— ቀጥሎ የእኔ ነው።
— እሱንም አውቃለሁ።
— ሰውዬው ከዚህ ምን ያተርፋል?
— ግራ ጆሮውን።

መነጽራቸውን አወለቁ። ሰኞ እንነጋገርበት አሉ። እነ ጌጡን የሚወስደው መኪና በስምንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ሰኞ ሞጆ እንደሚሆኑ ነገርኳቸው።

— ዶክተር፣ አይተውት ያውቃሉ?
— ካርዱን አይቻለሁ፣ አሉ።

19.

እዚህ ላይ ጀግና የሆንኩ የመሰላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ጀግና የሚያስፈልገው ሥራ አልነበረም። ሃያ ሁለት ደረጃ መውረድ ነበር።

20.

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ጌጡን ከሦስተኛ ፎቅ በቃሬዛ አውርደው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ዘርፌ ብርድ ልብሱንና ሳህኖቹን በፌስታል ይዛ አጠገቡ ቆማለች። መኪናው ገና አልመጣም። ወደ ማን እንደምወስዳቸው አልነገርኳቸውም፤ ማኅተሙ ጋ ነው አልኩ፤ ዘርፌ ወዲያው ፌስታሉን አነሣች።

አንኳኩቼ አልጠበቅኩም። ወንበሩን ገፍቼ ጠረጴዛው ፊት አቆምኩት፤ ግራ ጆሮው ወደ ዶ/ር ተስፋልደት እንዲሆን ትንሽ አዞርኩት። ዘርፌ ሳትጋበዝ ተቀመጠች። ወረቀቱ ጠዋት የተውኩበት ቦታ ነው።

— አቶ ጌጡ ሞርከታ ናቸው፣ አልኩ። — ከወረቀቱ ላይ የሚወጣውንና የማይወጣውን እርስዎ ይንገሯቸው። ተነሥተው፣ በዚህ በኩል ቀረብ ብለው ነው የሚናገሩት። ካልቀረቡ አይሰሙዎትም።

ዶ/ር ተስፋልደት ጌጡን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ሊመልሱልኝ ነው። እኔ እዚያ እስከቆምኩ ድረስ የሚመልሱት ለእኔ ነው፤ ነገሩ የሁለት ሐኪሞች ክርክር ሆኖ ይቀራል። ጌጡ ደግሞ የሁለታችንንም አፍ ተራ በተራ እያየ ይጠብቃል።

— ቤዛዊት፣ አሉ።

ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት። ቀጣዩን ቁጥር የሚሞሉት እዚያ ውስጥ ያሉት ናቸው።

21.